ከሪት የሚገኝ የትርፍ ድርሻ ታክሱ እንዴት ይሠራል፦ ከ1099 ዲቪ እስከ 1040

የታክስ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «የሪት አክሲዮን አለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ 1,000 ዶላር ገብቶልኛል። የተላከልኝ ወረቀት ላይ ግን 1,000 የሚል ቁጥር የትም የለም። ታክስ የምከፍለው በስንቱ ላይ ነው?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምዘረዝር አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው አሜሪካ ውስጥ ታክስ ለሚሠሩ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸውና በሕጉ እንደ ነዋሪ ለሚቆጠሩ ሰዎች ነው። ኢትዮጵያ ወይም ሌላ አገር ሆናችሁ የአሜሪካ ሪት የገዛችሁ ከሆነ ቀጥታ ወደ ደረጃ 9 እለፉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው፤ ቁጥሮቹም የ2025 ገቢን፣ ማለትም እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 የሚቀርበውን ታክስ የሚመለከቱ ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ሪት የሚከራይ ንብረት የያዘ ኩባንያ ነው፤ አፓርታማ፣ መጋዘን፣ የገበያ ማዕከል። (ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ አቫሎንቤይ መሥሪያ ቤቱ አርሊንግተን፣ ፌደራል ሪያልቲ ደግሞ ኖርዝ ቤተስዳ ነው።) ሕጉ ሪትን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮኖች አከፋፍል ይለዋል። ኩባንያው ያከፋፈለውን ከራሱ ገቢ ላይ ስለሚቀንስ በዚያ ገንዘብ ላይ የድርጅት ግብር አይከፍልም። ስለዚህ ግብሩ ወደ እናንተ ይዞራል። የሌሎች ኩባንያዎች የትርፍ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ዝቅተኛ ምጣኔ ለሪት የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሪት ድርሻ በአመዛኙ እንደ ደመወዝ በመደበኛው ምጣኔ ይሰላል። በምትኩ የተሰጠ የ20 በመቶ ቅናሽ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያጣው እሱን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከብሮከራችሁ (አክሲዮን ከሚገዛላችሁ ድርጅት) የመጣው ፎርም 1099 ዲቪ፣ ማለትም የተከፈላችሁን የትርፍ ድርሻ ቁጥር ባላቸው ሳጥኖች ከፋፍሎ የሚያሳየው ወረቀት (ብዙ ጊዜ ሌሎች 1099ዎች አብረውት በአንድ ፋይል ይመጣል)
- የዓመቱ የክፍያ ዝርዝር፣ በተለይ የዲሴምበርና የጃንዋሪ መግለጫ
- አክሲዮኑን መቼና በስንት እንደገዛችሁ የሚያሳይ መረጃ
- ያለፈው ዓመት ታክስ ኮፒ
- ፎርም 1040 (ዋናው የዓመት ታክስ ፎርም)፣ ፎርም 8995 (የ20 በመቶው ቅናሽ ፎርም)፣ ስኬጁል ዲ (የካፒታል ትርፍ)፤ እንደ መጠኑ ስኬጁል ቢ (የትርፍ ድርሻ ዝርዝር) (የታክስ ሶፍትዌር ከተጠቀማችሁ ፎርሞቹን እሱ ያወጣቸዋል)

ደረጃ 1፦ አክሲዮኑ የተቀመጠበትን ሒሳብ ለዩ

ሪቱ ያለው አይ አር ኤ፣ ሮስ አይ አር ኤ ወይም 401ኬ በሚባሉት የጡረታ ቁጠባ ሒሳቦች ውስጥ ከሆነ ለድርሻው 1099 ዲቪ አይመጣላችሁም፤ በዚህ ዓመት የምትሞሉትም የለም። ከተለመደው አይ አር ኤ ገንዘብ ስታወጡ የወጣው በመደበኛ ምጣኔ ይታሰባል፤ ደንቡን ጠብቃችሁ ከሮስ ስታወጡ ግብር የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ተራውን የብሮከር ሒሳብ የሚመለከት ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ያለምክንያት አይደለም። የአይ አር ኤውን መግለጫ አይተው ድርሻውን 1040 ላይ የጻፉ፣ ያልተጠየቁትን ግብር የከፈሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ደረጃ 2፦ የመጨረሻው 1099 እስኪመጣ ጠብቁ

ሪቶች ዓመቱን ሙሉ ከከፈሉት ውስጥ ምን ያህሉ ተራ ድርሻ፣ ምን ያህሉ የንብረት ሽያጭ ትርፍ፣ ምን ያህሉ የካፒታል ተመላሽ እንደሆነ የሚለዩት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ብሮከሩ በፌብሩዋሪ የላከውን ወረቀት በማርች «የተስተካከለ» ብሎ ደግሞ ሊልክ ይችላል። እኔ አንድ ዓመት ተቻኩዬ በፌብሩዋሪ ላክሁ፤ በማርች የተስተካከለው መጣ፤ በ1040 ኤክስ (የቀረበ ታክስ ማስተካከያ ፎርም) እንደገና መሥራት ግድ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ሪት ያለበትን ታክስ ከማርች አጋማሽ በፊት አልነካም። እናንተም ሪፈንድ ካላጣደፋችሁ እንደዚያው አድርጉ።

ደረጃ 3፦ የገባላችሁን ገንዘብ ከወረቀቱ ጋር አስታርቁ

ሳጥን 1ኤን፣ 2ኤንና 3ን ደምሩ። ድምሩ ዓመቱን ሙሉ ከሪቱ ከተከፈላችሁ ጋር መግጠም አለበት። ሌሎቹን ሳጥኖች አትደምሩ፤ 1ቢ እና 5 የ1ኤ ክፋዮች ናቸው፣ 2ቢ ደግሞ የ2ኤ ክፋይ ነው። ብትደምሯቸው አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ ማለት ነው።

ካልገጠመ መጀመሪያ የጃንዋሪን ክፍያ ተመልከቱ። ሪቱ በኦክቶበር፣ በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር ድርሻ አውጆ፣ የባለአክሲዮኖች መመዝገቢያ ቀኑም በነዚሁ ወራት ውስጥ ሆኖ፣ ገንዘቡን በጃንዋሪ ከከፈለ ሕጉ ዲሴምበር 31 እንደተቀበላችሁ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በጃንዋሪ 2026 እጃችሁ የገባ ክፍያ በ2025ቱ ወረቀት ላይ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። በጃንዋሪ 2025 የገባውም በዚሁ ምክንያት በ2024ቱ ውስጥ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ያለፈውን ዓመት ኮፒ የፈለግነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳጥን 1ኤ እና 1ቢ

1ኤ ላይ ያለው በ1040 መስመር 3ቢ ላይ፣ 1ቢ ላይ ያለው በ3ኤ ላይ ይገባል። የሁሉም ተራ ድርሻ ድምር ከ1,500 ዶላር በላይ ከሆነ ስኬጁል ቢ ይሞላል። 1ቢ ዝቅተኛውን ምጣኔ የሚያገኘው የ1ኤ ክፋይ ነው፤ በሪት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ወይም ባዶ ነው። አትደንግጡ፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል።

ደረጃ 5፦ ሳጥን 5፣ የ20 በመቶው ቅናሽ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሳጥን 5 የሪት ድርሻችሁ ውስጥ ለቅናሹ ብቁ የሆነውን ያሳያል። ቁጥሩን ፎርም 8995 መስመር 6 ላይ ጻፉ፤ ፎርሙ 20 በመቶውን ያሰላል፤ ውጤቱ በ1040 መስመር 13ኤ ላይ ከገቢያችሁ ይቀነሳል። 100 ዶላር ብቁ ድርሻ ካላችሁ ግብር የሚታሰበው በ80 ዶላሩ ብቻ ነው። ከፍተኛው የ37 በመቶ ምጣኔ ላይ ያለ ሰው እንኳ በተግባር የሚደርስበት 29.6 በመቶ ነው።

ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዘር የሚሰጠውን ቋሚ ተቀናሽ) የሚወስድ ሰውም ይህን ቅናሽ ያገኛል፤ ዝርዝር ወጪ ማቅረብ አያስፈልግም። ገቢው ከፍ ያለ ሰውም አይከለከልም፤ ለውጡ የፎርሙ ብቻ ነው። ግብር የሚከፈልበት ገቢ ለነጠላ ከ197,300 ዶላር፣ ለባልና ሚስት በጋራ ከ394,600 ዶላር ሲያልፍ በ8995 ፋንታ 8995 ኤ ይሞላል። ቅናሹ በ2025 መጨረሻ ያበቃል ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ቋሚ አድርጎታል።

ቅናሹን ሊያሳጣችሁ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የቀን ቆጠራ። ሳትይዙ ለድርሻው ብቻ ገብታችሁ ከወጣችሁ ቅናሹ የለም። አክሲዮኑን ድርሻ የመቀበል መብት ከሚቋረጥበት ቀን 45 ቀን በፊት በሚጀምረው የ91 ቀን መስኮት ውስጥ ከ45 ቀን በላይ መያዝ አለባችሁ። ሳጥን 5 ላይ ቁጥር ተጽፎ ቢመጣም ይህን የማረጋገጥ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

ኡበር፣ ታክሲ ወይም የጭነት መኪና ለምትነዱና በስኬጁል ሲ (በግል ሥራ ገቢ ፎርም) ለምትሠሩ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የሥራችሁም ገቢ የሚገባው በዚሁ ፎርም 8995 ላይ ነው፣ ግን በሌላ መስመር። ሁለቱ አይቀላቀሉም። መኪናው በተገዛበት ዓመት በእርጅና ተቀናሽ ምክንያት ስኬጁል ሲ ኪሳራ ቢያሳይ፣ ኪሳራው የሪቱን ቅናሽ አይበላም። «ሥራዬ ስለከሰረ 8995 አያስፈልገኝም» ብሎ ፎርሙን መዝለል የሪቱን ቅናሽ መጣል ነው። የሪት ድርሻ ላይ የግል ሥራ ግብርም አይከፈልም፤ ስለዚህ ስኬጁል ሲ ላይ ፈጽሞ አትጻፉት።

ደረጃ 6፦ ሳጥን 2ኤ እና 2ቢ

2ኤ ሪቱ ሕንፃ ሸጦ ካገኘው ትርፍ ለእናንተ ያካፈለው ነው። አክሲዮኑን የያዛችሁት ሦስት ወር ብቻ ቢሆንም እንደ ረጅም ጊዜ ትርፍ ስለሚቆጠር 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ይሆናል። በ2025 ግብር የሚከፈልበት ገቢው ለነጠላ እስከ 48,350፣ ለባልና ሚስት እስከ 96,700 ዶላር የሆነ ሰው ምጣኔው ዜሮ ነው።

2ቢ ከዚያው ትርፍ ውስጥ በሕንፃው የእርጅና ተቀናሽ የመጣው ክፍል ነው። በእሱ ላይ ጣሪያው 25 በመቶ ነው፤ መደበኛ ምጣኔያችሁ ከዚያ ካነሰ በራሳችሁ ምጣኔ ይታሰባል። ሳጥን 2ቢ ላይ ቁጥር ካለ 2ኤን ቀጥታ 1040 ላይ መጻፍ አይቻልም፤ ስኬጁል ዲ እና አብሮት ያለው የሒሳብ ወረቀት ይሠራል።

ደረጃ 7፦ ሳጥን 3፣ ዛሬ ግብር የሌለበት ገንዘብ

ሳጥን 3 የካፒታል ተመላሽ ነው። ሪት በየዓመቱ የሕንፃ እርጅና ተቀናሽ ይይዛል፤ ተቀናሹ ግን ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ በመዝገቡ ከሚታየው ትርፍ በላይ ጥሬ ገንዘብ ያከፋፍላል፤ ትርፉን ያለፈው ክፍል የራሳችሁ ገንዘብ ተመልሶላችኋል ተብሎ ይቆጠራል። 1040 ላይ እንደ ገቢ አይጻፍም።

ታዲያ ግብሩ ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ይህ ገንዘብ የአክሲዮኑን መነሻ ዋጋ ይቀንሳል። በ20,000 ዶላር ገዝታችሁ 200 ዶላር በሳጥን 3 ከተቀበላችሁ መነሻ ዋጋችሁ 19,800 ሆነ። ስትሸጡ ትርፉ የሚቆጠረው ከ19,800 ነው። ለዓመታት ይዛችሁ መነሻ ዋጋው ዜሮ ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሳጥን 3 ገንዘብ በመጣበት ዓመት እንደ ካፒታል ትርፍ በፎርም 8949 እና በስኬጁል ዲ ይቀርባል።

ከ2011 ጀምሮ ለተገዛ አክሲዮን መነሻ ዋጋውን ብሮከሩ ይከታተላል። ቢሆንም በየዓመቱ የራሳችሁን መዝገብ ያዙ፤ ዓመት፣ የሳጥን 3 መጠን፣ የቀረው መነሻ ዋጋ፤ ሦስት ዓምድ በቂ ነው። አክሲዮን ከአንድ ብሮከር ወደ ሌላ ሲዛወር መነሻ ዋጋው ባዶ ሆኖ ሲደርስ አይቻለሁ፤ መዝገብ ያልያዘ ሰው በስንት እንደገዛ ለማስረዳት ይቸገራል።

አንድ ሙሉ ስሌት

የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጥር እንመልሰው። ባልና ሚስት ናቸው፤ መደበኛ ምጣኔያቸው 22 በመቶ፣ የካፒታል ትርፍ ምጣኔያቸው 15 በመቶ ነው። 20,000 ዶላር ካወጡበት ሪት 1,000 ዶላር ገብቶላቸዋል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ 1ኤ 700፣ 1ቢ 20፣ 2ኤ 100፣ 2ቢ 40፣ ሳጥን 3 200፣ ሳጥን 5 680። ማስታረቂያው 700 + 100 + 200 = 1,000፤ ገጥሟል።

- ሳጥን 5፦ የ680 ሃያ በመቶ 136 ነው፤ የቀረው 544 በ22 በመቶ 119.68 ዶላር
- 1ቢ፦ 20 በ15 በመቶ፣ 3.00 ዶላር
- 2ቢ፦ 40 በ22 በመቶ (ከ25 ጣሪያው በታች ስለሆኑ)፣ 8.80 ዶላር
- ከ2ኤ የቀረው 60 በ15 በመቶ፣ 9.00 ዶላር
- ሳጥን 3፦ ዛሬ ምንም፤ መነሻ ዋጋ ወደ 19,800 ይወርዳል

ድምሩ 140.48 ዶላር። 1,000 ዶላሩን ሁሉ በ22 በመቶ ቢያሰሉት 220 ይከፍሉ ነበር። ፎርም 8995ን ብቻ ቢረሱ ደግሞ 29.92 ዶላር በከንቱ ይሄድባቸው ነበር። መጠኑን በአሥር አባዙትና ለራሳችሁ ተመልከቱት።

ደረጃ 8፦ የስቴት ግብርና ሌሎች የሚነኩ ነገሮች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስሌታቸውን የሚጀምሩት ከፌደራሉ የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ ነው። የ20 በመቶው ቅናሽ የሚመጣው ከዚያ መስመር በታች ስለሆነ የስቴቱን ግብር አይቀንስም። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኔቫዳ ያላችሁ በድርሻው ላይ የስቴት የገቢ ግብር የለባችሁም።

የጤና መድን በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት በተዘጋጀው የመድን ገበያ) የምትገዙ እዚህ ተጠንቀቁ። ድጎማው የሚለካበት ገቢ 1ኤን እና 2ኤን ይጨምራል፤ በ20 በመቶው ቅናሽም አይወርድም። ሳጥን 3 ግን አይቆጠርም። በዓመቱ መካከል ሪት ከገዛችሁ የገመታችሁትን ገቢ ማርኬትፕሌስ ላይ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ትርፍ የወሰዳችሁትን ድጎማ በታክስ ጊዜ ትመልሳላችሁ።

የተስተካከለ ገቢያቸው ለነጠላ ከ200,000፣ በጋራ ከ250,000 ዶላር ያለፈ ደግሞ በፎርም 8960 የሚሰላ ተጨማሪ 3.8 በመቶ አለባቸው፤ ሳጥን 5 ላይ ያለው ቅናሽ ይህንንም አይቀንስም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የባንክ አክሲዮን ያላችሁ እንደምታውቁት እዚያ የትርፍ ድርሻ እጃችን የሚገባው ግብሩ ተቆርጦ ነው። አሜሪካ ለነዋሪ እንዲህ አይደለም፤ በተለመደው ሁኔታ ምንም ሳይቆረጥ ይገባላችኋል። ሒሳቡ ኤፕሪል ላይ ይመጣል። ከተቀነሰላችሁ ሌላ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የምትከፍሉ ከመሰላችሁ በፎርም 1040 ኢኤስ በየሩብ ዓመቱ (ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15) ክፈሉ፤ ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደብሊው-4 አስተካክላችሁ ከደመወዝ ትንሽ ጨምሮ እንዲቆረጥ ማድረግ ይቀላል።

ደረጃ 9፦ ከአሜሪካ ውጭ ላላችሁ

የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ካልሆናችሁ ብሮከሩ ደብሊው-8 ቤን የሚባል ፎርም ያስፈርማችኋል። ከዚያ የሪቱ ድርሻ ሲከፈል 30 በመቶ ከምንጩ ይቆረጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የሚመጣላችሁም 1042 ኤስ ነው። ምጣኔው የሚወርደው በአገሮች መካከል የግብር ስምምነት ሲኖር ነው፤ ኢትዮጵያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ሳዑዲ ዓረቢያ በትርፍ ድርሻ ላይ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላቸውም። የ20 በመቶው ቅናሽም ከዚህ ቆረጣ ላይ አይታሰብም። ስለዚህ 5 በመቶ ይከፍላል የተባለ ሪት ለእናንተ 3.5 በመቶ እንደሚከፍል ቆጥራችሁ ግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ይዛችሁ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ብትኖሩም የምትሞሉት ደብሊው-9 (ለአሜሪካ ታክስ ከፋዮች የሆነው ፎርም) ነው፤ የዓለም ገቢያችሁም ለአሜሪካ ይቀርባል። አድራሻዬ ውጭ አገር ነው ብሎ ደብሊው-8 ቤን መፈረም በሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ የሚፈረመውም በሕግ ተጠያቂነት ሥር ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

1. *«ድርሻው አክሲዮን ገዛበት እንጂ እጄ አልገባም» ማለት።* ድርሻው መልሶ አክሲዮን እንዲገዛ ብታዝዙም ግብሩ ይከፈላል። ግን በዚያ ገንዘብ የተገዛው አክሲዮን የራሱ መነሻ ዋጋ አለው፤ እሱን ካልመዘገባችሁ ስትሸጡ ሁለተኛ ግብር ትከፍላላችሁ።

2. *የሪት ፈንድ ያላቸው ሳጥን 5ን መዝለል።* እንደ ቫንጋርድ የሪል እስቴት ፈንድ ባሉት በኩል የገዛችሁም ቅናሹ ይተላለፍላችኋል።

3. *ሳጥን 3ን እንደ ገቢ መጻፍ፤ ወይም ጨርሶ መርሳት።* የመጀመሪያው ዛሬ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ስትሸጡ የተሳሳተ ትርፍ ያሳያል።

4. *ሶፍትዌሩ ሁሉን ያውቃል ብሎ መተው።* ቁጥሮቹን በእጅ ስታስገቡ ብዙዎች 1ኤን፣ 1ቢንና 2ኤን ሞልተው ያልፋሉ፤ ሳጥን 5 ወረድ ብሎ ያለ ነው። ከመላካችሁ በፊት ፎርም 8995 ከተዘጋጀው ፋይል ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

5. *ያለፉትን ዓመታት መተው።* ፎርም 8995ን ሳታያይዙ ያቀረባችሁት ዓመት ካለ፣ ታክሱን ካቀረባችሁ በአጠቃላይ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ1040 ኤክስ አስተካክላችሁ ገንዘቡን ማስመለስ ትችላላችሁ። የድሮዎቹን 1099 ዲቪዎች ከብሮከራችሁ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ሳጥን 5ን ተመልከቱ።